ከስላና የተባለችው ጣቴ

ልጅ እያለሁ የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ለብቻዋ ስም ነበራት። ከስላና ትባል ነበር፤ በአረብኛ ሰነፏ ማለት ነው። ስሙን ያወጣችላት ሉልዋ ናት፣ የአባቴ አሠሪዎች ልጅ። ሌሎቹ ጣቶቼ ስም አልነበራቸውም፤ ጥፋት ሳያጠፉ ማን ብሎ ይጠራቸዋል? ሰሞኑን እዚህ አረብ አገር፣ ደማም ውስጥ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ቀለበት ስሞክር አንጓዬ አላሳልፍ አለኝ። ሻጩ ትንሽ አበጥ ያለችውን አንጓ አይቶ ጣቴ ተሰብራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ፒያኖ ስማር ነው አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩና ቀለበቱን መልሼ ወጣሁ።

በእኔ ዘመን ደማም ያደጋችሁ የሐበሻ ልጆች የአል መዝሩዒያ ሰፈርን ከሰዓት በኋላ አትረሱትም። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ከየመስኮቱ የኤሲ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት የትኩስ ተሚስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ሴቶቹ ልጆች መንገድ ላይ መጫወት ስለማይፈቀድልን ጣሪያ ላይ እንወጣና በውኃ ታንከሮቹ መካከል መስመር አስምረን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ሲሚንቶው ጫማ አልፎ እግር ያቃጥላል። ትምህርት ቤት አረብኛ፣ ቤት አማርኛ፣ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሁለቱ የተደባለቁበት የራሳችን ቋንቋ ነበረን። እናቶቻችን ከታች ሲጠሩን በሦስቱም አንሰማም።

አባቴ ሰይድ ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጣ ሰው ነው። ኮበር የሚኖር የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሾፌር ነበር። የእናቴም፣ የእኔም፣ የወንድሞቼም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በእሱ ላይ፣ የእሱ ደግሞ በካፊሉ፣ ዋስ በሆነው አሠሪው፣ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ቤታችን ውስጥ የካፊሉ ስም የሚነሳው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። አባቴ ስለ አሠሪዎቹ ደግ ነገር ሲያወራ እናቴ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እያለች ትተርበው ነበር። እሱ ይስቃል።

ከደማም ወደ ኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ግን አባቴ ሌላ ሰው ይሆናል። ማዳም፣ የካፊሉ ሚስት፣ ከኋላ ከሌለች መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ያደርግና የባሕሩ እርጥብ ነፋስ ሲገባ መንዙማ ይጀምራል። መሪውን እንደ ድቤ በጣቶቹ ይመታል። ያንን መንዙማ ከአባቱ፣ አባቱ ደግሞ ከሼኻቸው የተማሩት ነው፤ ነቢዩን የሚያወድስ፣ ቀስ ብሎ ተጀምሮ እየሞቀ የሚሄድ። መኪናው የማዳምን የዑድ ሽቶና ፀሐይ ያሞቀው ሌዘር ይሸታል። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ እቀበለዋለሁ፤ ቃሉ ሲጠፋኝ አሚን ብቻ እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበት ቦታ የለም።

ማዳም ፒያኖውን ያስመጣችው ከባሕሬን ነው። ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ፣ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የበለጠ የሚያብረቀርቅ። ያኔ እዚህ አገር ሙዚቃ በአደባባይ አይማሩም፤ አቅም ያለው መምህር ቤቱ ያስመጣል። ሚስ ሪማ የምትባል ሊባኖሳዊት፣ የአንድ ኢንጂነር ሚስት፣ ሉልዋን ልታስተምር ትመጣ ጀመር። ሉልዋ የእኔ እኩያ ናት፤ ፒያኖውን ግን እንደ መርፌ ፈራችው። አልቀመጥም ብላ ምንጣፉ ላይ ትንከባለላለች፣ የሙዚቃ መጽሐፏን ትቀዳድዳለች። ማዳም ልጄ ብቻዋን ስለሆነች ነው፣ ጓደኛ ያስፈልጋታል አለችና አባቴን ልጅህን ይዘሃት ና አለችው።

እናቴ ስትሰማ ተቆጣች። ፒያኖ ሐራም ነው ብላ ጀመረችና መጨረሻ ላይ የልቧን ተናገረች። «የሰው ወርቅ አያደምቅ። ነገ ሲነጥቋት የምታለቅሰው እዚሁ ነው» አለች። አባቴ ምን ይበላት? ማዳም ጠርታ አልልክም ይባላል ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም መልሱን ታውቀዋለች። የሚገርመው፣ ቁርኣን የምታስቀራን ኡስታዛ ደግሞ መንዙማ ቢድዓ ነው፣ ሃይማኖት ላይ የተጨመረ ነገር ነው ትለን ነበር። እንግዲህ በእናቴ ዘንድ የማዳም ፒያኖ ወንጀል ነው፣ በኡስታዛዬ ዘንድ የአባቴ መንዙማ ወንጀል ነው። እኔ ሁለቱንም ወደድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ከፊቴ አይጠፋም። ማዳም እጄን በሳሙና አስታጠበችኝ፣ ጥፍሬን አገላብጣ አየች፣ ከዚያ ተቀመጪ አለችኝ። ቁልፎቹ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበሩ፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት እንደዚያ የቀዘቀዘ ነገር ነክቼ አላውቅም። አንዱን ስጫን የወጣው ድምፅ ሆዴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላማረኝም። ጣሪያ ላይ ስዘል፣ ቁርኣን ስቀራ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ፣ በልቤ ያለው ያ ወንበር ነው። ከዚያ ወንበር እንዳያስነሱኝ የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ጀማሪ የሚማረው ቀላል ነው። አምስቱ ጣቶች አምስት ነጭ ቁልፎች ላይ ይቀመጣሉ፤ ከአውራ ጣት ተነስቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እያሉ መውጣት፣ ከዚያ መልሶ መውረድ። ሉልዋ እየተነፋረቀችም ትወጣዋለች። እኔ ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እልና ወደ ሶል እዘላለሁ። ፋ የለችም። የቀለበት ጣቴ ቁልፏ ላይ ተቀምጣለች፤ አትጫንም። ሚስ ሪማ ድገሚ ትለኛለች፤ እደግማለሁ፤ አሁንም ሶል። ስወርድም እንደዚያው። ሆን ብዬ አልነበረም። ጆሮዬ ሚን ሰምቶ ሲያበቃ ቀጥሎ የሚመጣው ሶል ነው ብሎ ያምናል። ፋ ስትመጣበት ሰው ቤት ሳይጠራ የገባ እንግዳ ትመስለዋለች።

ሚስ ሪማ መጀመሪያ ጣቴን ያመመኝ መስሏት ነበር። ኋላ አንድ ቀን፣ እስኪ ቤታችሁ የምትዘፍኑትን ዝፈኚልኝ አለችኝ። የማውቀው የአባቴን መንዙማ ነው፤ በቀስታ አልኩላት። እሷ ከሥር ከሥሬ ድምፁን በፒያኖው እየፈለገች ሄደች። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ ሌላ የለም። ሲወጣም ሲወርድም ፋን አንዴም አልነካቻትም። ሳቀችና ሶፋው ላይ ለተቀመጠችው ማዳም ነገረቻት።

«የእነዚህ ሰዎች ዜማ ደረጃ ጎድሎት የተሠራ ቤት ነው። ልጅቷ የጎደለውን ስለለመደች ያለውን ትዘለዋለች» አለች።

እውነቷን ነው፤ ያ የአባቴ መንዙማ አምስት ድምፅ ይበቃዋል። እኔ ግን ያኔ የሰማሁት ጎደሎ የሚለውን ብቻ ነው። ዘፈን አይደለም ልላትም ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ማዳም ነገሩ በጣም አሳቃት። እየደጋገመች፣ ለጓደኞቿ በስልክ ሁሉ ታወራው ጀመር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሚስ ሪማ ዘዴ ነው። ሉልዋ አላጠናም ስትል ሚስ ሪማ ልትቀጣት አትችልም፤ የቤቱ ልጅ ናት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውና ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። እርሳሱን የያዘችው ግን ሚስ ሪማ አይደለችም፤ ለሉልዋ ሰጠቻት። ሐያት ፋን በዘለለች ቁጥር ጣቷን ነካ አድርጊያት አለቻት። ሐያት እኔ ነኝ። ሉልዋ እንባዋን ጠረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ዘዴው እንዴት እንደሠራ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። እኔ መቼ እንደምስት ለማወቅ ሉልዋ መጽሐፉን ማንበብ ነበረባት። ፋ የት እንዳለች፣ ምን ያህል እንደምትቆይ፣ በግራ እጅ ስትመጣ የትኛው ጣት ላይ እንደምትውል አጠናች። ቀድማ ገጽ ገልጣ ፋ የበዛበትን ትመርጥልኛለች። መጀመሪያ ራሷ አሳምራ ትጫወተዋለች፤ ከዚያ ያላ፣ ያንቺ ተራ ትለኛለች። መንካት የነበረው እያደር መምታት ሆነ፤ ሁልጊዜም አንጓዬ ላይ። ከስላና የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው። ማዳም ልጇ ስትነቃ እያየች አላህን ታመሰግናለች። ማንም ክፉ ሰው አልነበረም እኮ። ሚስ ሪማ ስትሄድ ጉንጬን ትስመኛለች፣ ማዳም ቸኮሌት ትሰጠኛለች፣ ሉልዋም የምትመታኝ እየተጫወተች ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ አስካለ ነበረች፣ ከጎጃም የመጣች የቤት ሠራተኛ። ትምህርቱ ሲያልቅ ጣቴን በረዶ ታስይዘኝና በአማርኛ ሁሉንም በየተራ ትረግማቸዋለች፤ ፊቷ ፈገግ እንዳለ፣ ድምፅዋ ምርቃት እየመሰለ። አንድ ቀን ማዳም በበሩ ስታልፍ ሰማቻትና ምን እያልሻት ነው ብላ ጠየቀቻት። አስካለ ዱዓ እያደረግኩላት ነው አለች። ማዳምም አሚን ብላ አለፈች። እኔና አስካለ ፊታችንን ወደ ማቀዝቀዣው አዙረን እስክንታመም ሳቅን። በዚያ ቤት ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ብነግረው ትምህርቱ ይቀራል፤ ወይም አይቀርም፣ እሱ ግን ያውቃል፤ ሁለቱንም ፈራሁ። መኪና ውስጥ ጣቴን በቀሚሴ እጥፋት እደብቃታለሁ። እሱ መንዙማውን ይላል፣ እኔም አሚን እላለሁ። ለምን እንደምመታ አውቅ ስለነበር ድምፁን ስሰማ ጣቴን ያመኝ ጀመር።

የነገረችው ራሷ ማዳም ናት። አንድ ቀን ልንሄድ ስንል ከበሩ ላይ ቆማ እየሳቀች፣ «ሰይድ፣ የልጅቷን ጆሮ ያበላሸኸው አንተ ነህ አሉ። ጣቷ የምትመታው ባንተ ዘፈን ነው። ከዛሬ ጀምሮ መኪና ውስጥ ማፊ ዘፈን፣ ኸላስ» አለችው፤ ዘፈን የለም፣ አበቃ ማለቷ ነው።

አባቴ እጄን አየ። ዓይኑ አንጓዬ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሃዲር ማዳም» አለ፤ እሺ፣ ታዛዥ ነኝ ማለቱ ነው። ዘፈን አይደለም፣ መንዙማ ነው አላላትም። እኔ ያን ቀን የጠበቅኩት ያችን አንዲት ቃል ነበር።

ወደ ደማም ስንመለስ እንደ ወትሮው መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ነፋሱ ገባ። ጠበቅኩት፤ አልጀመረም። ማዳም ያዘዘችው ለመኪናው ስለሆነ ቤት ሲደርስ ይላል ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን ቤትም ተወው። ሐሙስ ሐሙስ የወሎ ሰዎች እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ በር ተዘግቶ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ የሚያወጣው አባቴ፣ የሚቀበሉት እነሱ። በዚያ ሳምንት ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ለሌላ ሰው አሳለፈው። በሚቀጥለውም አመመው። አንደኛው ሰውዬ፣ ጉሮሮህም ኢቃማው አልቆበታል እንዴ ብሎ ቢተርበው ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ። እያደር ስብስቡ ወደ አል ፈይሰሊያ ሰፈር፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሄደ።

እናቴ ምን ሆነሃል ብላ አፋጠጠችው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁት። «ልጅቷ በእኔ ድምፅ ትመታ?» አላት። እናቴ ብዙ የምትለው ነበራት። ልጅቷን ከዚያ ቤት አውጣት እንዳትለው ግን ኢቃማው አለ፣ የወንድሞቼ ትምህርት አለ። ጎመን በጤና አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አባቴ በመንዙማው ፈንታ ሌላ ነገር ጀመረ። የድምፆቹን ስም ከእኔ ተምሮ፣ መብራት ላይ ስንቆም በወሎ አነጋገሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ይልና እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ፋ ማለት አለብኝ። ካልኩ ራሱን ይነቀንቃል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ እንሄዳለን። በመኪናው ፊት ለፊት ባለው ፕላስቲክ ላይ ጣቶቼን ዘርግቼ እንድመታ ያደርገኛል፤ የቀለበት ጣቴ ስትወርድ እሱ ጎበዝ ይላል። ያ መሪ ላይ ይመታ የነበረ እጅ አሁን መሪውን ጭብጥ አድርጎ ይዟል። መንገዱ ያው ነው፣ ነፋሱም ያው ነው፤ እኔ ግን ከመኪናው ቶሎ መውረድ እፈልግ ነበር።

ዝምታው ሠራ። ቀስ በቀስ ፋ እንግዳ መሆኗን ተወች። ጣቴ ፈራ ተባ እያለች ቁልፏን ትነካ ጀመር፤ ሚስ ሪማ አጨበጨበችልኝ። የሉልዋ ፊት ግን ጠቆረ። እርሳሱን ይዛ ትጠብቃለች፤ እኔ አልስትም። አንድ ቀን ሚስ ሪማ ውኃ ልትጠጣ ስትነሳ ሉልዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«መሳሳት ካቆምሽ እኔም መማር አቆማለሁ። ለማማ ነግሬያታለሁ። ያኔ አንቺም አትመጪም» አለችኝ።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የሚሆነውን ነው የነገረችኝ። ያኔ ገባኝ፤ እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ እንድማር ሳይሆን እንድሳሳት ነው። ብዙ ሳላስብ ወሰንኩ። እሳሳታለሁ። ጣቴ ትመታ፣ ወንበሩ ይቆይልኝ። ደግሞስ ለመሳሳት ምን ችግር አለው፣ ስሳሳት አይደል የከረምኩት?

በዚያው ሰሞን ማዳም ከመግሪብ በኋላ ሴት እንግዶች ጠራች። ሳሎኑ በሽቶ ታፈነ፤ አስካለ ቴምርና ጣፋጭ በትሪ ይዛ ትዞራለች። ሉልዋ ነጭ ቀሚስ ለብሳ የተማረችውን ተጫወተች። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጋ ተጫወተች፤ ሴቶቹ እልል አሉላት። ከዚያ ማዳም አሁን የሚያስቅ ነገር ላሳያችሁ አለች። የሾፌራችን ልጅ ናት፣ አንዷን ቁልፍ እየዘለለች ነው የምትጫወተው፣ የአገራቸው ዘፈን እንደዚያ ጎደሎ ስለሆነ ነው አለቻቸው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሉልዋ እርሳሷን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠችና ያላ ከስላና አለችኝ። ሳቁ የተጀመረው እኔ ከመጀመሬ በፊት ነው።

ዶ፣ ሬ፣ ሚ። አሁን ዝለያት አልኩ በልቤ፤ ዝለያት። ጣቴ ወረደችና ፋን ነካቻት። ጥርት ብላ ወጣች። ስመለስም ነካቻት። ልሳሳት ፈልጌ መሳሳት አቃተኝ። አባቴ ዝም ባለባቸው መንገዶች ሁሉ ስትማር የከረመች ጣት በአንድ ምሽት እንዴት ትርሳ? ሴቶቹ ሳቁን አፋቸው ላይ እንደያዙ ጠበቁ። አንዲት አሮጊት፣ «ማሻአላህ፣ ልጅቷ ትችላለች እኮ። ምኑ ነው የሚያስቀው?» አሉ።

ማዳም ድገሚ አለችኝ። ጣቴን በግድ አንጠልጥዬ ደገምኩ። አሁን ተሳሳትኩ፤ ግን የድሮው ስህተት አልሆነም። የተወላከፈ፣ ጣዕም የሌለው ነገር ወጣ። ማንም አልሳቀም። ሉልዋ እንኳን አልመታችኝም። እርሳሱን ፒያኖው ላይ ጣል አደረገችና ሄዳ እናቷ ጎን ተቀመጠች። ከወንበሩ ተነሺ ያለኝ ሰው የለም፤ ራሴ ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። አስካለ ፊቴን አጠበችኝ፤ ያን ቀን ማንንም አልረገመችም።

አባቴ ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ገና በሩን ከመዝጋቴ ተሳሳትሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት። ጣቴን አንስቶ ሳማት። እስከ ደማም ድረስ ፈገግ እንዳለ ነዳ።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻውን ሄደ። ማዳም ኸላስ ብላዋለች። ሉልዋ ፒያኖ ሰልችቷታል፣ አሁን ዋና ነው የምትማረው፣ ሐያት አትምጣ። ሚስ ሪማም ተሰናበተች። ፒያኖው ላይ የጥልፍ ጨርቅ ተዘርግቶ የአበባ ማስቀመጫ እንደተቀመጠበት አባቴ ነገረኝ። እናቴ አላልኩም ወይ አላለችም፤ አስቀምጣ ፀጉሬን ሠራችልኝ። አለቀስኩ፤ ሲያልቅልኝ ግን አንድ ነገር ይመለስልኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። አባቴ ወደ ኮርኒሽ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ ይዞን ሲሄድ፣ አባ እስኪ መንዙማዋን በላት አልኩት።

መንገዱን እያየ፣ «ሊጠሩሽ ይችላሉ እኮ ልጄ። የእነሱ ሐሳብ ቶሎ ነው የሚቀያየረው። ተመልሰው ሲጠሩሽ ጆሮሽ ተበላሽቶ እንዳያገኙት» አለኝ።

አልጠሩኝም። እሱ ግን ጠበቀ። ረመዳን መጣ፣ ዒድ መጣ፣ እኔ አድጌ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፤ አባቴ ዝም እንዳለ ነው። በእነሱ መናደድ ሲገባኝ በእሱ ተናደድኩ። በእነሱ መናደድ የት ያደርሳል? እኔ ያለ ፒያኖ ቀረሁ፣ እሱ ያለ መንዙማ። ቤታችን ውስጥ የሚያንጎራጉረው ኤሲው ብቻ ሆነ።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ኮበር ውስጥ ሙዚቃ በአደባባይ ይማራሉ። እኔ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ልጆች የሙዚቃ መጽሐፋቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ገልጬ አያለሁ። ጀማሪን በእርሳስ የሚመታ የለም። ያልሳተም የሳተም ኮከብ ይለጠፍለታል። ያኔ በሹክሹክታ የነበረው ሁሉ ዛሬ በማስታወቂያ ነው። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም፣ እቀናለሁም። ሉልዋ አንድ ጊዜ ልጇን ይዛ መጥታለች። ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አንብባ፣ አረብኛሽ እንዴት ጥሩ ነው፣ የት ተማርሽው አለችኝ። እዚሁ አልኳት። አመሰግናለሁ ብላ ተቀመጠች።

አባቴ ሲያረጅ ካፊሉ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ አሰናበተው። አሁን ከእናቴ ጋር ኮምቦልቻ ነው። እኔ ባለፈው ዒድ ለልጄ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ገዛሁላት። እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን የምቀመጥበት ግን እኔ ነኝ። ባለፈው አርብ ጠዋት፣ እሷ ገና ሳትነሳ፣ ጣቶቼን አሳርፌ የአባቴን መንዙማ ፈለግኩት። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሳልሰማው፣ ከዳር እስከ ዳር መጣልኝ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ከጁምዓ እስኪመለስ ጠብቄ በኢሞ በቪዲዮ ደወልኩለት።

መጀመሪያ፣ እስኪ መንዙማዋን በልልኝ አባ አልኩት። የትኛዋን አለኝ። መኪና ውስጥ የምትላትን አልኩት። ረስቻታለሁ ልጄ፣ ካልተባለ ይረሳል አለኝ፤ እንደ ቀላል ነገር። እንግዲያው እኔ ላስታውስህ ብዬ ስልኩን አቆምኩና ተጫወትኩለት። አባቴ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠግቶ አዳመጠ፤ የሚታየኝ ጆሮውና ነጭ ፂሙ ብቻ ነበር። ጨረስኩ።

«ማሻአላህ፣ ያምራል» አለኝ። «የማን ነው?»

ጣቴን አየኋት። ፋ ላይ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ስንኝ ቀስ ብዬ ለራሴ ደገምኩት፤ በየመሃሉ ገብታበታለች። አነሳኋትና ያለ እሷ ሞከርኩት፤ ጎደሎ ሆኖ ተሰማኝ። ያንተ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ።

«እነሉልዋ ቤት የተማርኩት ነው፣ አባ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ስልኩ መለሰ። የቀሩት ጥርሶቹ እስኪታዩ ድረስ ደስ ብሎታል።

«አልሐምዱሊላህ» አለኝ። «ጆሮሽ ድኗላ።»